ባለ አንድ ጆሮው ሸክላ ማጫወቻ

አባቴ ባይሳ በዕድሜው የገዛው ሸክላ ማጫወቻ አንድ ነው፤ እሱንም ለሰው ሊሰጠው ነው የገዛው። ያ ዕቃ ትዝ ባለኝ ቁጥር ፊቴ ይግላል። ልጅ ሳለሁ የማፍረው በዕቃው ነበር። አሁን የማፍርበት ሌላ ነው፤ ግን ከዕቃው ካልጀመርኩ አይሆንልኝም።

ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ሳሉ ነው፤ ነቀምቴ። አባባ የችሎት አስተርጓሚ ነበር። ያን ጊዜ ፍርድ ቤት የሚሠራው በአማርኛ ብቻ ነው። ከጉቶ የመጣ ገበሬ ስለ ከብቱ፣ ስለ ድንበሩ በኦሮምኛ ይናገራል፤ አባባ አጠገቡ ቆሞ ለዳኛው በአማርኛ ያደርስለታል፤ የዳኛውን ደግሞ ለገበሬው ይመልሳል። ዳኛው ኦሮምኛ ቻለም አልቻለም ወጉ ይኸው ነው። አባባ ለዚህ ሥራ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ምሏል። ራት ላይ “እኔ አልጨምርም፣ አልቀንስም” ማለት ይወዳል። እናቴም ድሮ ይህን ስትሰማ ደስ ይላት ነበር። በዚያ ዓመት ግን እንዲህ ባለ ቁጥር ሳህኑን ከፊቱ ታነሳበት ጀመር።

እናቴን አዮ ነበር የምላት። የአዮ አንድ ወንድም ጨመዳ ነው፤ ኤሱማ እለዋለሁ። ኤሱማ ጨመዳ ጊምቢ ቡና ለቀማ ሄዷል ተብዬ ነበር። አዮ እሑድ እሑድ ከጸሎት መልስ በአገልግል ምግብ ቋጥራ ትወጣለች፤ የት ነው ስላት “የታመመ ሰው ልጠይቅ” ትለኛለች። እኔ ሞኟ፣ ይህ በሽተኛ ምን ቢሆን ነው ይህን ሁሉ የሚበላው እል ነበር።

በሽተኛ የለም። ጊምቢም የለም። ኤሱማ እዚያው ነቀምቴ፣ ከቤታችን ቁልቁል ወህኒ ቤት ነበር። መሬት በቀላድ ሊለኩ ከመጡ ሰዎች ጋር ተጣልቶ የመለኪያ ገመዳቸውን በጥሶባቸው ነው። ችሎት ሲቀርብ ዳኛው “በጥሰሃል ወይ?” አለው። ኤሱማም “አዎ በጥሻለሁ፤ ነገም ቢመጡ እበጥሳለሁ” አለ፣ በኦሮምኛ። ይህን ወደ አማርኛ ያደረሰው የገዛ እህቱ ባል ነው። “ነገም ቢመጡ” የምትለዋን ሳይቀር። ዳኛው ያችን ቃል ይዞ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ይጨምርበት ጀመር፤ ፍርድም የለ፣ መፈታትም የለ።

ይህን ያወቅሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የሰማሁት በማድ ቤቱ ግድግዳ ስንጥቅ የሚመጣውን ብቻ ነው።

“አንዲት ቃል ብትውጥ ምን ትሆን ነበር?” ትላለች አዮ።

“ምዬ ገብቻለሁ፣ ወርቂቱ።”

“አንዲት ቃል።”

እኔ አባባ የሆነ ሰው ቤት ተጋብዞ ነውር ተናግሯል ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ በኋላ እንግዳ ፊት አፉን በከፈተ ቁጥር እሰጋ ጀመር።

የዳኛው ስም ግራዝማች ገብረክርስቶስ ነው። የሸዋ ሰው ናቸው፤ ግን ነቀምቴ መኖር የጀመሩት እኔ ከመወለዴ በፊት ነው። በዚያ ጥር ልጃቸውን የሺወርቅን ሊድሩ ሆነ። አባባ ወራት ሙሉ ደጃቸውን ሲጠና የከረመ ሰው ነው፤ ጠዋት ሥራ ሳይገባ በራቸው ላይ ይቆማል፣ ሲወጡ ባርኔጣውን አንስቶ እጅ ይነሳል፣ እሳቸው ያልፋሉ። ይህን እኔ ወዳጅነት ነበር የሚመስለኝ። ሰው ወዳጁን ጠዋት ጠዋት ሰላም ይል የለ? ለሠርጉ ስንጠራ ለጎረቤት ልጆች ሁሉ “አባቴና ግራዝማች ልብ ለልብ ናቸው” ብዬ አወራሁ።

ባዶ እጅ አይኬድም። ሙሽራዋ ሸክላ ማጫወቻ እንደምትወድ ከግቢው ሰው ተሰማ። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። እኛ ወንጌላውያን ነን፤ ቤታችን ዘፈን አይገባም፤ አባባ ከሱቅ የዘፈን ድምፅ ከመጣ መንገድ የሚሻገር ሰው ነው። እሱ ነው እንግዲህ ሸክላ ማጫወቻ መራጭ። አዮ በግ አድልባ ሸጣ፣ ቅቤም ጨምራ፣ የቻለችውን አዘጋጀች። “ትልቁን ውሰድላቸው” አለችው በር ላይ። “በትንሽ ነገር አታሳፍረን።” እኔንም አብሬው እንድሄድ ላከችኝ፤ ዓይኑ ወደ ርካሽ እንዳይሄድ ልጠብቀው ይመስለኛል።

ሬዲዮ ጠጋኙ እሸቱ ሱቅ የደረስነው ሊመሽ ሲል፣ የከተማው መብራት ሲመጣ ነው። መብራት የሚመጣው በዚያን ሰዓት ብቻ ነበር። ሱቁ የተቃጠለ ሽቦና የአዲስ እንጨት ሽታ ይሸታል። መሐል ላይ አንድ ትልቅ ማጫወቻ ተቀምጧል፤ እንጨቱ የሚያበራ፣ ግራና ቀኙ ላይ ሁለት ድምፅ ማጉያ ሣጥን ያለው። ወደድኩት። ጥግ ላይ ደግሞ ሻንጣ የሚመስል ቀይ ትንሽ ማጫወቻ አለ፤ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል፣ ድምፁ የሚወጣው ከክዳኑ ነው።

“ዘፈን ላሰማዎት?” አለ እሸቱ።

“የለም፣ የኔን ይዣለሁ” አለና አባባ ከኮቱ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ሸክላ አወጣ። ከጸሎት ቤት የተዋሰው የኦሮምኛ መዝሙር ነው። እሸቱ አየውና ፈገግ አለ፤ ደግ ሰው ስለሆነ ምንም አላለም።

ትልቁ ላይ ሲደረግ ሱቁ ተናወጠ። የመደርደሪያው ብርጭቆ ሁሉ ተንጫጫ። እኔ ሳቅኩ። አባባ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፤ ችሎት ላይ ገበሬ ሲናገር እንደሚያደርገው መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው። ከዚያ “ትንሹን” አለ። ትንሹ ላይ ሲደረግ መዝሙሩ ቀጭን ሆነ። አባባ ግን ዓይኑን ከፈተ።

“ይኼኛው ቃል አይውጥም” አለ።

“ድምፁ ግን ያንሳል” አለ እሸቱ። “እውነቱን ልንገርዎት፣ ለሠርግ ስጦታ ከሆነ ሰው የሚያየው ሣጥኑን ነው።”

አባባ ትልቁን ደጋግሞ አየ። ዋጋውን ጠየቀ፤ ሲነገረው ራሱን ነቀነቀና ወደ ትንሹ ዞረ። እኔ እጁን ጎተትኩ። “አባባ፣ አዮ ትልቁን ብላለች” አልኩ፣ እሸቱ እየሰማ። አባባ ፊቱ ተለዋወጠ። አሁን ሳስበው ወንጌላዊው አባቴ በዚያች ሰዓት እውነትም አልዋሸም ነበር፤ ቃሉ በትንሹ ነበር ጥርት ብሎ የሚሰማው። ግን የኪሱ ነገርም ነበር፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። እኔ የታየኝ ኪሱ ብቻ ነው።

እሸቱ አዘነልን መሰለኝ፣ ከጓዳ አንድ የእንጨት ሣጥን ይዞ መጣ። ከተሰበረ ሬዲዮ ያወጣውን ድምፅ ማጉያ በገዛ እጁ ሣጥን ሠርቶለት፣ ፊቱን በነጭ ጨርቅ ሸፍኖታል። “ይህን ቢቀጥሉበት ደምቆ ይታያል” አለ፤ ጥቂት ብቻ አስጨመረበት። ቀዩን ማጫወቻ ዘጋ፣ አሰረ፣ ሸኘን።

“ሁለተኛውስ?” አልኩት መንገድ ላይ።

“ምኑ?”

“ጆሮው። ትልቁ ሁለት ጆሮ አለው። ይሄ አንድ ነው።”

“አንድም ይሰማል፣ ኢንተላኮ” አለኝ። ልጄ ማለቱ ነው። ቤት ስንደርስ አዮ ሣጥኑን አየችው። ገብታ ጋደም አለች፤ የዚያን ቀን ራት ያቀረብኩት እኔ ነኝ።

የሠርጉ ዳስ ከግራዝማች በር እስከ አጥሩ ድረስ ነበር፤ ቄጠማው እርጥብ፣ የድግሱ ሽታ ከውጭ የሚቀበል። ስጦታ ተቀባዩ በር ላይ ቆሞ የሰጪውን ስምና ዕቃውን ጮክ ብሎ ለተቀመጠው ሰው ይናገራል። ከኛ ፊት የቆመው የቡና ነጋዴው ደረሳ ነበር። ሁለት ተሸካሚዎች ከኋላው ቆመዋል። አየሁት፤ ያ ትልቁ ነው፣ ባለ ሁለቱ። ተቀባዩ ጠራ፣ ዳሱ እልል አለ፣ ጠረጴዛ ላይ ከፍ ተደርጎ ተቀመጠ።

ከዚያ እኛ። “አቶ ባይሳ፤ ሸክላ ማጫወቻ፣ ከነ...” አለና ተቀባዩ ሣጥኑን አገላብጦ አየ። “ከነድምፅ ማጉያው።”

“ሁለተኛውን ጅብ በላው?” አለ አንድ ድምፅ ከውስጥ። ሳቁ ከዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ ደረሰ። ቀዩን ሻንጣ ከትልቁ አጠገብ አኖሩት፤ ባያኖሩት ምን ነበረበት? አባባ ባርኔጣውን ይዞ ፈገግ አለ። አዮ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ምግቡ ተበልቶ ሙሽሮቹ ሲቀመጡ “ሙዚቃ ይሁን” ተባለ። ወደ ደረሳ ማጫወቻ ሄዱ። ገመዱን ይዘው ቆሙ፤ መብራት የለም፣ ገና ቀን ነው። “እንግዲያው ያንን ባለ አንድ ጆሮውን” አለ የሆነ ጎረምሳ፤ እንደገና ሳቅ። “ሸክላውስ?” ሲባል አባባ ክው አለ። ዕቃውን ሲገዛ ሸክላ መግዛት የሚባል ነገር ጨርሶ በሐሳቡ አልመጣም። እኛ ቤት ያደገ ሰው ብቻ ነው ይህን የሚሳሳት። ጎረምሳው ግን ክዳኑን ከፍቶ “አለ፣ አለ” አለ። ከእሸቱ ሱቅ ሲታሰር መዝሙሩ እላዩ ላይ ቀርቷል።

መርፌው ወረደ። በዚያ የሸዋ ዳስ ውስጥ፣ ሰው ለጭፈራ ተነሥቶ፣ የኦሮምኛ መዝሙር ጥርት ብሎ ወጣ። ሌሊቱ ነጋ፣ ወንዙ ጎደለ፣ ተነሡ እንሻገር ይላል፤ ከዚያ የዘለለ ነገር የለውም፣ እየዞረ ይህንኑ ይመላልሳል። አንዳንዱ አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። ምግብ አቅራቢዎቹ፣ የሰፈሬ ሰዎች ናቸው፣ ሳህን እንደያዙ ቆሙ። አባባ ሊያጠፋው ሲሮጥ ግራዝማች ከመደባቸው ሆነው እጃቸውን አነሡ።

“ተወው። አስተርጓሚ አይደለህ እንዴ? ተርጉምልን፣ ምንድን ነው የሚለው?”

ዳሱ ጸጥ አለ፤ ሊስቅ የተዘጋጀ ጸጥታ ነው። አባባ መሐል ላይ ቆመ። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ሆዱ ላይ ይዞ፣ ዓይኑን ከመሬት ተክሎ፣ አንዱ ስንኝ እስኪዘመር ጠበቀና ጀመረ።

“የዚህ ቤት ጌታ ዕድሜው ይርዘም፣ ይላል።” መዝሙሩ ወንዙ ጎደለ ይላል። “ልጁን በዳረበት ቀን ደስታው ሙሉ ይሁን፣ ይላል። በዚህ ቀን ከዳሱ ውጭ የሚያለቅስ አይኑር። አንዲት እህት ወንድሟ ታስሮባት ከዚህ ዳስ ተቀምጣለች፤ ምግቡ አልወረደላትም። ያጠፋው በቁጣ ነው፤ አፉ ቸኩሎ ነው፤ ያን የቸኮለ ቃል ወደ ጌታው ያደረሰ ሰው እንቅልፍ የለውም። በደስታው ቀን የታሰረን የፈታ፣ የልጁ ቤት ይባረክለታል፣ ይላል።”

መዝሙሩ አለቀ። መርፌው ባዶውን ሲፍቅ ይሰማል። የኔ ጉንጭ ተቃጠለ። እኔ ያንን መዝሙር በቃሌ አውቀዋለሁ፤ እህትም ወንድምም የለበትም። በባለ አንድ ጆሮው ዕቃ ደንግጦ ቋንቋው ጠፋበት ብዬ አሰብኩ። በሥራው እንኳ፣ በሚኮራባት በዚያች በአንዷ ነገር እንኳ አዋረደን አልኩ በሆዴ። አዮ ጭኔን በጣቶቿ ጨምቃ ይዛኛለች።

ግራዝማች ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። “ኦሮምኛ ለካ ረዥም ቋንቋ ነው” አሉ። “በሁለት መስመር ይህን ሁሉ ይላል?” ሰው ሳቀ። እሳቸውም ትንሽ ሳቁና ወደ አሽከራቸው ዘወር ብለው “ጉርባ፣ ቢሻን ፊዲ” አሉ፤ ልጅ፣ ውኃ አምጣ ማለት ነው፤ ጥርት ባለ የወለጋ ኦሮምኛ። ውኃው ለአባባ ተሰጠው። ጠጣ። ይህን ሁሉ አየሁ፣ ሰማሁ፤ ግን አንዱን ከአንዱ ማገናኘት አልቻልኩም።

ስንመለስ ሸክላውን በጨርቁ ጠቅልሎ በብብቱ ይዟል። “አባባ፣ መዝሙሩ እኮ እንደሱ አይልም” አልኩት።

“አውቃለሁ” አለኝ።

“ታዲያ?”

“ዝም በይ፣ ድርቤ” አለች አዮ። እያለቀሰች ነበር። ከዚያ እንደ ልጅነቷ የአባባን ክንድ ያዘች፤ መንገድ ላይ ክንዱን ስትይዝ አይቻት አላውቅም።

ብዙም ሳይቆይ ኤሱማ “ከጊምቢ” መጣ። ራሱን ተላጭቶ፣ ጉንጩ ጎድጉዶ። “የጊምቢ ቡና እንዲህ ያከሳል?” ብዬ ጠየቅሁ። ቤቱ በሳቅ ሞተ። ኤሱማ ሳቁን ሳይጨርስ ወርዶ የአባባን ጉልበት ሳመ፤ አባባ ደንግጦ አነሣው። እኔ ከጊምቢ የሚመጣ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው ብዬ አለፍኩ።

ክረምቱ ሲገባ ደግሞ አባባ በእኩለ ቀን ቤት መጣ። ለችሎት የሚለብሰውን ኮት አጥፎ በክንዱ ላይ ጥሎታል። በግድግዳው ስንጥቅ ሰማሁ።

“ምን አሉህ?” ትላለች አዮ።

“እንደ ሠርጉ ቀን አድርግልኝ አሉኝ።”

“አንተስ?”

“ኮቴን ይዤ መጣሁ።”

ለኔ ግን ነገሩ ግልጽ ነበር። ግራዝማች ሌላ ስጦታ ፈልገዋል፤ ያ ባለ አንድ ጆሮው አላረካቸውም። አባባ ያንን ርካሽ ዕቃ ይዞ ስለሄደ ሥራውን አጣ። ባለ ሁለቱን ቢገዛ ኖሮ ዛሬም የችሎት ሰው ነው። ይህን ሐሳብ አንዴ ያዝኩት፣ አልለቀቅሁትም። አባባ ከዚያ ወዲያ ሥራ ያገኘው ደረሳ መጋዘን ነው፤ ያው ባለ ሁለቱን የሰጠው ደረሳ። ቡና ይመዝናል። ከትከሻው ገለባ አይጠፋም። “አልጨምርም፣ አልቀንስም” ሲል ዳግመኛ አልሰማሁትም፤ ሚዛን ላይ ቆሞ እንኳ።

እውነቱን የነገረኝ ኤሱማ ጨመዳ ነው፤ አባባን በቀበርን ማግስት፣ ድንኳኑ ሳይነሣ። እኔ ያን ጊዜ የልጆች እናት ነኝ። “አባትሽ ባይጨምር ኖሮ እኔ ከዚያ አልወጣም ነበር” ብሎ ጀመረ።

“ግራዝማች ተታለሉ ማለት ነው?” አልኩ።

“ግራዝማች? ኦሮምኛ ከኔ ይበልጥ ነበር የሚያውቁት። ችሎት ላይ ወጉ ነው እንጂ አስተርጓሚ ምን ያደርግላቸዋል? እያንዳንዷን ቃል ሰምተዋል። ሰው ፊት፣ በልጃቸው ቀን፣ እንቢ ማለት አልሆነላቸውም። አወቁበት ግን። ይህ ሰው መጨመር ይችላል ብለው ያዙት።”

ቀጥሎ እንደነገረኝ፣ በዚያ ክረምት አንዲት ዘርፈሽ የምትባል ባል የሞተባት ሴት በመሬት ጉዳይ ችሎት ቀረበች። አልሸጥኩም ነው የምትለው። ግራዝማች አባባን አስቀድመው ጠርተው “ሸጫለሁ ብላለች በልልኝ፤ እንደ ሠርጉ ቀን አድርግልኝ” አሉት። አባባ “ያን ቀን የጨመርኩት በራሴ ላይ ነው፤ የዚችን ሴት ቃል ግን ከአፏ አልወስድም” ብሎ ኮቱን አነሣ። ለኤሱማ ያጫወተው ይህን ያህል ነው። ለኔ አንድም ቀን አልነገረኝም፤ ለምን እንዳልነገረኝ ደግሞ አውቃለሁ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ዝናብ ጥሎ አባርቷል፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ መጋዘኑ በር ላይ አገኘሁትና አብረን ወደ ቤት ጀመርን። የአንዷ ጓደኛዬ አባት ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ የዚያን ዕለት አባትሽ ምን ይሠራል ብለውኝ ዋሽቻለሁ። በገዛ ውሸቴ ተናድጄ በእሱ ላይ ተወጣሁት።

“ያኔ ባለ ሁለቱን ብትገዛ ይህ ሁሉ አይደርስብንም ነበር” አልኩት።

ቆመ። ምን እንደማወራ ገባው፤ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀበትም። ሊናገር አፉን ከፈተ። ብዙ ሊለኝ ይችል ነበር። ኤሱማሽ እስረኛ ነበር ሊለኝ ይችል ነበር፤ እኔ የማልኩበትን አፍርሻለሁ፣ ሁለተኛ ግን አላፈርስም ብዬ ነው እዚህ ያለሁት ሊለኝ ይችል ነበር። አየኝና ቃሉን ዋጠው።

“ልክ ነሽ፣ ኢንተላኮ” አለ። “ባለ ሁለቱ ይሻል ነበር።”

ከታች በኩል የክፍሌ ልጆች እየሳቁ ሲመጡ ታዩ። እኔ ሳልናገር፣ ፊቴን አይቶ፣ ከትከሻው ገለባውን አራገፈ፤ ሁሉም አልረገፈለትም።

“ጓደኞችሽ መጡ፤ አንቺ ቅደሚ፣ እኔ ቀስ ብዬ እደርሳለሁ” አለኝ።

ቀደምኩ።